ቤት ለማየት ስለ መሄድ

ሰው በቅሎ ሊገዛ ገበያ በወረደ ጊዜ ዝም ብሎ ገንዘቡን አይቈጥርም። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ሰኰናዋን አንሥቶ ይመለከታል፤ ጀርባዋን በእጁ ዳብሶ ቍስል እንዳለባት ይፈትናል፤ ከዚያም ተቀምጦባት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ አካሄዷን ይመረምራል። ሻጩንም «ስለ ምን ትሸጣታለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ያው ሰው ግን ቤት ሊከራይ ወይም ሊገዛ በሄደ ጊዜ በደጃፉ ቆሞ ኖራ የተቀባውን ግድግዳ ያይና «መልካም ቤት ነው» ብሎ ቀብድ ይሰጣል። በቅሎ ክፉ ብትሆን በሚመጣው ገበያ ትሸጣለች። ክፉ ቤት ግን ሰው ከነልጆቹ ቀንና ሌሊት የሚኖርበት ነው።

ልጆች ሆይ፥ «ቤት መምረጥ የአባትና የእናት ሥራ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የእናንተ ዐይን ለመሬት ቅርብ ነው። አባታችሁ ቀና ብሎ ጣራውን ሲያይ እናንተ የግድግዳውን ሥር ታያላችሁ። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም።

አንድ ጊዜ በአዲስ አበባ ከወንዝ ዳር ያለ ቤት ለመከራየት የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ሄድሁ። ወሩ ጥቅምት ነበረ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፥ መሬቱም የደረቀ ነበረ። ባለቤቱ ሰላምታ የሚያውቅ ሰው ነበረና በደስታ ተቀበለን፤ ቡናም አስፈላልን። እኛ ስንጫወት ልጄ ግድግዳውን ሲመለከት ቆየና «አባባ፥ ይህ ግድግዳ ስለ ምን እስከ ወገቤ ድረስ ብቻ አዲስ ኖራ ተቀባ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሰው ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ነውር መስሎኝ «ዝም በል» አልሁት። ባለቤቱም ሳቀና ነገሩ በዚሁ ቀረ። እኔም የስድስት ወር ኪራይ አስቀድሜ ከፈልሁና ገባን።

ሐምሌ በገባ ጊዜ አንድ ሌሊት ዝናቡ ሳያቋርጥ ዘነበ፤ ወንዙም ሞልቶ ወጣ። ከእንቅልፋችን ስንነቃ ውኃው በቤቱ ውስጥ ነበረ። ልጄን በትከሻዬ ተሸክሜ ወደ ኰረብታው ወጣሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ከእኛ አንድ ሰው እንኳ አልጠፋም። ከአባቴ የወረስሁት የብራና ዳዊት ግን በሣጥን ውስጥ በምድር ላይ ተቀምጦ ነበረና በነጋ ጊዜ ባወጣነው ቅጠሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ፥ ቀለሙም ፈሶ አገኘነው። ልጄ ዳዊቱን አየ፤ ከዚያም ቀና ብሎ ውኃው በግድግዳው ላይ የተወውን መስመር አየ። መስመሩ አዲሱ ኖራ ከቆመበት ቦታ ነበረ። ልጁም ምንም አልተናገረም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የጠየቅሁትንና ያስተዋልሁትን እነግራችኋለሁ።

በአገራችን ብዙ ቤት የሚሠራው ከእንጨትና ከጭቃ ነው። እንጨቱም አብዛኛውን ጊዜ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቋሚው እንጨት በመሬት ይተከላል፤ በእርሱም ላይ ማገር በአግድም ይመታበታል፤ ከዚያ በኋላ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ጭዱ ጭቃውን እንደ ክር ሆኖ ይይዘዋል፤ ጭድ ያነሰው ጭቃ በደረቀ ጊዜ ይሰነጣጠቃልና። እንዲህ ያለው ቤት ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረትና የማያፈስ ጣራ ካለው ብዙ ዘመን ይኖራል። ስለዚህ ማንም የጭቃ ቤት ነው ብሎ አይናቀው። ሁለት ጠላት ግን አለው፤ አንዱ ውኃ፥ ሁለተኛው ምስጥ ነው። ቤት ለማየት የሚሄድ ሰው የሚፈልገው የእነዚህን የሁለቱን ዱካ ነው።

የውኃ ዱካ በግድግዳው ሥር ይገኛል። በዚያ ቦታ መዳፍህን አኑር። ቢቀዘቅዝና ቢረጥብ፥ ወይም ምርጊቱ አብጦ በጣት ሲነኩት የሚረግፍ ቢሆን፥ ወይም እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት ቢታይበት፥ ውኃ ከመሬት ወደ ግድግዳው እየወጣ ነው ማለት ነው። አዲስ ኖራ ወይም አዲስ ቀለም ነውር አይደለም፤ ሰው ቤቱን ለእንግዳ ቢያሳምር የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ግድግዳው ሁሉ አሮጌ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ከሆነ፥ «ከዚህ በታች ምን ነበረ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ይገባል። ቁም ሣጥን ወይም አልጋ ግድግዳውን የሸፈነው እንደ ሆነም ባለቤቱን አስፈቅዶ ጥቂት ፈቀቅ አድርጎ ማየት ነው። አፍንጫም ይመሰክራል። ሻጋታ ያለበት ቤት ዕጣን ቢያጨሱበት እንኳ ከዕጣኑ ሥር ሽታው ይታወቃል።

ምስጥ ደግሞ ብርሃን ስለሚጠላ በግልጥ አይሄድም። ከመሬት ተነሥቶ እንደ ገመድ የቀጠነ የጭቃ መንገድ በግድግዳውና በምሰሶው ላይ እየሠራ በውስጡ ይወጣል። ይህን መንገድ ያየህ እንደ ሆነ ምሰሶውን በጣትህ አንኳኳው። ደኅና እንጨት ጠጣር ድምፅ ይሰጣል፤ ምስጥ የበላው ግን ከውጭ ደኅና መስሎ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ እንደ ከበሮ ይሰማል።

መዝጊያውን ክፈተው፥ ዝጋውም። መዝጊያ ከመሬት ጋር የሚታገል ወይም ሲዘጉት የማይገጥም ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመዝጊያው ሳይሆን የቤቱ ነው፤ ቋሚው እንጨት በስብሶ ወይም መሠረቱ ሰምጦ ቤቱ አዘንብሏል። ስንጥቅም ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ጠጕር የቀጠነ ስንጥቅ ምርጊቱ ሲደርቅ የሚመጣ ነው፤ አያስፈራም። ከበሩ ወይም ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ላይ እያዘነበለ የሚሄድ፥ የሳንቲም ጠርዝ የሚገባበት ስንጥቅ ግን መሠረቱ መንቀሳቀሱን ይናገራል።

ጣራውን ለመመርመር መሰላል አያስፈልግም። ፀሐይ በሆነ ጊዜ ወደ ውስጥ ገብተህ በሩንና መስኮቱን ዝጋና ዐይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆይተህ ቀና በል። ቆርቆሮው ቀዳዳ ካለው ብርሃኑ እንደ ከዋክብት ሆኖ ይታያል፤ በጥቅምት ብርሃን የገባበት ቀዳዳ ሁሉ በሐምሌ ውኃ ይገባበታል። ኮርኒስ ያለበት ቤት ከሆነ ብርሃኑ አይታይህም፤ ነገር ግን ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ ምልክት ፈልግ።

በልጅነቴ ኦሪት ዘሌዋውያን ሲነበብ 14ኛው ምዕራፍ ላይ በደረስን ጊዜ ብዙዎቻችን እንቅልፍ ይወስደን ነበር። ዛሬ ግን ስለ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ምክር አላውቅም። ሕጉ በግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ ይናገራል። ባለቤቱ ራሱ ወደ ካህኑ ሄዶ በቤቱ ደዌ የሚመስል ነገር ማየቱን ይነግረዋል። ካህኑም ገብቶ ከማየቱ አስቀድሞ ቤቱ ባዶ እንዲሆን ያዝዛል። ከዚያ በኋላ ገብቶ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ወደ ግድግዳው የጠለቀ ምልክት እንዳለ ይመለከታል፤ ቢያገኝም ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋዋል፤ በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ያየዋል። ደዌው የሰፋ እንደ ሆነ ድንጋዮቹ ወጥተው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፤ ግድግዳው ተፍቆ እንደ ገና ይመረጋል፤ ዳግመኛ የተመለሰ እንደ ሆነ ቤቱ ይፈርሳል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ነውሩን የሚናገር ባለቤቱ ነው፤ ቤቱም የሚታየው ዕቃው ወጥቶ ነው፤ ካህኑም በአንድ ጊዜ ማየት አይፈርድም። እኔ አንድ ጊዜ አይቼ፥ ያውም ቡና እየጠጣሁ፥ ፈረድሁ።

ስለዚህ የተቻለው ሰው ቤቱን ሁለት ጊዜ ይየው። አንድ ጊዜ በፀሐይ ይየው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ በዝናብ። በአዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናብ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ነውና በበጋ የሚያይ ሰው ዝናቡን በዐይነ ልቡናው ማየት አለበት። ከግቢው በላይ ያለው መሬት ወዴት ያዘነብላል? ከመንገዱ የሚወርደው ጎርፍ በየት ያልፋል? የጣራው ውኃ በአሽንዳ ይወርዳል ወይስ ከግድግዳው ሥር ይንጠባጠባል? በአጥሩ ላይ ጎርፍ ያመጣው ጭድና ቅጠል ተሰክቶ እንደሆነስ? በቆላ አገር የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ በአቅራቢያው የረጋ ውኃ መኖሩን ይመልከት፤ የወባ ትንኝ የምትፈለፈለው በዚያ ነውና። በማታም መሄድ መልካም ነው። በቀን ጸጥ ያለ ሰፈር በማታ የመጠጥ ቤት ጩኸት ይነሣበት ይሆናል፤ ተማሪ ላለበት ቤትም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው «ውኃ አለ ወይ?» አይሁን። ሰው ሁሉ «አለ» ይላል። «በሳምንት በየትኛው ቀን ይመጣል? በስንት ሰዓትስ?» ብሎ መጠየቅና ቧንቧውን ከፍቶ ማየት ይሻላል። ባለቤቱ በርሜልና ጀሪካን በብዛት ደርድሮ እንደ ሆነ መልሱን ሳይጠይቁ ማወቅ ይቻላል። የጉድጓድ ውኃ ከሆነ የመጸዳጃው ጉድጓድ ከእርሱ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀና ከእርሱ በታች ያለ መሆን አለበት፤ እድፉ በመሬት ውስጥ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳልና። ይህን ርቀት በእርምጃ መለካት ለልጅ የተገባ ሥራ ነው። የመብራቱ ቆጣሪም ለብቻ ወይም ከሌላ ሰው ጋር መሆኑ ይጠየቅ፤ በአንድ ቆጣሪ ስንት ጎረቤት ተጣልቷል!

ከሁሉ ይልቅ አጥብቄ የምነግራችሁ ስለ አየር ነው። መስኮት የሌለበት ወይም መስኮቱ በምስማር የተመታ ክፍል ለእንቅልፍ አይሆንም። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ይህም መርዝ ቀለም የለውም፥ ሽታም የለውም። ሰውዬው ራሱን ያመዋል፤ ይደክመዋል፤ እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል፤ ተኝቶም ሳይነሣ ይቀራል። በብርድ ወራት ምድጃቸውን ወደ መኝታ ቤት አስገብተው ሲነጋ ያልተነሡ ብዙዎች ናቸው። የሳንባ ነቀርሳም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በተዘጋ አየር ውስጥ ይበልጥ ነው። ስለዚህ ማድ ቤቱ ከመኝታው የተለየ መሆኑን፥ መስኮቱም በእውነት የሚከፈት መሆኑን በእጃችሁ ከፍታችሁ እዩ። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ካለ እርሱ ለልጆች ይሁን።

በአዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ብዙ ነው። በዚያ ምስጥና ጎርፍ ብዙ አያስፈሩም፤ ነገር ግን የላይኛው ፎቅ ድረስ ውኃው ይደርስ እንደ ሆነ፥ የደረጃውና የበረንዳው መከታም ጽኑ እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከጣራው እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ማዘዙ በከንቱ አይደለም። መከታውን ያዝና ነቅንቀው፤ ሕፃን በመካከሉ የሚያልፍበት ክፍተትም እንዳለ ተመልከት።

አሁን ደግሞ ስለ ሰው እንናገር፤ ግድግዳ የማይናገረውን ሰው ይናገራልና። ቤት የሚያሳየን ብዙ ጊዜ ደላላ ነው። ደላላ ዋጋውን የሚያገኘው ውል በተፈጸመ ጊዜ ስለ ሆነ የቤቱን መልካም ነገር እንጂ ክፉውን ሊያነሣ አይወድም፤ ይህም በበቅሎ ገበያም ሆነ በቤት ያው ነው። ባለቤቱን እንዲህ ብለህ ጠይቀው፦ «ከእኔ አስቀድሞ ማን ይኖር ነበረ? ስለ ምንስ ወጣ?» ከዚያም ይህንኑ ጥያቄ ለጎረቤት አቅርብ። ሁለቱ መልሶች አንድ ከሆኑ መልካም ነው። የተለያዩ እንደ ሆነ ግን አትቸኩል። ጎረቤት ዘንድ ስትሄድ ሰላምታ አስቀድም፤ በዕድሜ ከፍ ያሉትን ምረጥ፤ እነርሱ ጎርፍ የመጣበትን ዓመት ሳይቀር ያስታውሳሉ። እኔ በዚያ በጥቅምት ቀን ሃያ እርምጃ ተራምጄ የጎረቤቱን ደጅ መትቼ ቢሆን ኖሮ የአባቴ ዳዊት ዛሬ በእጄ ይነበብ ነበር።

ስለ ወረቀቱ ጥቂት ልጨምር። በ2016 ዓ. ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ አስቀድሞ የሚከፈለውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። የሚገዛ ሰው ደግሞ በማስረጃው ላይ የተጻፈው ስም የሻጩ ስም መሆኑን፥ ባለትዳር ከሆነም ሚስቱ ወይም ባሏ መስማማቱን፥ ቤቱም በዕዳ መያዣ አለመሆኑን ይመርምር። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። ቦታው ግን ከ1967 ዓ. ም. አዋጅ ወዲህ የመንግሥት ስለ ሆነ የሚሸጠው ቤቱ ነው። እናንተም ማንበብ የተማራችሁ ልጆች፥ አያታችሁ ወይም እናታችሁ ፊደል ያልቈጠሩ እንደ ሆነ ከመፈረማቸው በፊት ውሉን ቃል በቃል አንብቡላቸው። ያልገባችሁ ቃል ቢኖር ዘልላችሁት አትለፉ፤ «ይህ ምን ማለት ነው?» በሉ።

ከዚያ ጎርፍ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከዘመድ ቤት ተጠጋንና በነሐሴ ሌላ ቤት ለማየት ሄድን። ዝናብ እየዘነበ ነበረ፤ እኔም ሆን ብዬ ያንን ቀን መረጥሁ። አስቀድሜ ወደ ጎረቤት ጎራ ብዬ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት አገኘሁና «እማማ፥ ይህን ቤት ልንከራይ አስበናል፤ ምን ይላሉ?» አልኋቸው። እርሳቸውም «መምህር፥ በጓዳው በኩል ጣራው ያፈስሳል፤ ሌላው ደኅና ነው። የነበሩት ሰዎች የወጡት ሥራ ወደ አዳማ ስለ ተዛወረባቸው ነው» አሉኝ። ወደ ባለቤቱ ገብቼ ይህንኑ በጠየቅሁት ጊዜ ሰውዬው ምንም ሳይሸሽግ ወደ ጓዳው ወሰደኝና ከጣራው ሥር የተቀመጠውን ባልዲ አሳየኝ፤ «ሁለት ቆርቆሮ መለወጥ ያስፈልገዋል፤ እስክትገቡ አስለውጠዋለሁ» አለ። ቡናም አቀረበልን፤ እኔ ግን ልጄን ዘወር ብዬ አየሁትና «አሁን አንተ እይ» አልሁት።

ልጁም ከክፍል ወደ ክፍል እየገባ በየማዕዘኑ ተንበረከከ። በመጨረሻ ከመኝታው ክፍል መዳፉን በግድግዳው ሥር አኑሮ ብዙ ቆየና «አባባ፥ ደረቅ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ቡናውን ጠጣን።